ዘይነባ ካየችው በኋላ

ዘይነባ መሞቷን የሰማሁት በገበያ ቀን ነው። ኮሪደሩ በሰው ተጨናንቋል፤ አንዱ በክብሪት ቀፎ፣ አንዱ በወረቀት ጠቅልሎ፣ ደንቡን የሚያውቀው ደግሞ በሰጠነው ብልቃጥ ሰገራውን ይዞ ተራውን ይጠብቃል። እኔ ማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሻለሁ። ስልኬ ጋዋኔ ኪስ ውስጥ ነዘረ። የዘይነባ ልጅ ሒክማ ነበረች፣ ከሞጣ። «እትዬ የሺ፣ እማዬ አረፈች» አለችኝ። ከዚያ በኋላ ያለችውን በደንብ አልሰማሁትም። ቀብሩ በዚያው ዕለት ከሰዓት ነው፤ ሙስሊሞች ሬሳ አያሳድሩም። ከቢቸና ተነስቼ መኪና እስካገኝ፣ መኪናውም ሰው እስኪሞላ ድረስ ለአፈሩ እንኳ እንደማልደርስ ገባኝ። ስልኩን ወደ ኪሴ መልሼ የጀመርኩትን ስላይድ ጨረስኩ፤ የስላይዱ ባለቤት የታመመ ሕፃን ያዘለች እናት ነበረችና ማስጠበቁ አልሆነልኝም።

በዚያች ሰዓት መጀመሪያ የተሰማኝ ኀዘን ቢሆን ደስ ባለኝ። የተሰማኝ ቅናት ነው። በሞተ ሰው ይቀናል ወይ ትሉኝ ይሆናል፤ ዘይነባን ብታውቋት አትጠይቁኝም ነበር። አሁን ሁሉንም እያየችው ነው፣ እንደ ልማዷ ቀደመችኝ፣ አልኩ በልቤ። እንባዬ የመጣው ቆይቶ፣ ጓንቴን አውልቄ እጄን ስታጠብ ነው።

ዘይነባና እኔ ቢቸና ውስጥ በአንዲት የግል ክሊኒክ ላብራቶሪ ብዙ ዓመት አብረን ሠርተናል። ላብራቶሪ ስላችሁ ሰፊ ነገር እንዳታስቡ። አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ማይክሮስኮፕ፣ አንድ መስኮት፣ ውሃ ሲያሰኘው ብቻ የሚወርድበት አንድ ቧንቧ፤ ያ ነው። እሷ ከሞጣ የጨርቅ ነጋዴ ቤት የተወለደች ናት። ቢቸና ያመጣት ትዳር ነው፤ ባሏ በወጣትነቱ ሞተና ሁለት ልጆች ይዛ እዚሁ ቀረች። ጠዋት ሳምቡሳ ጠብሳ ለሻይ ቤቶች አስረክባ፣ ልጆቿን ትምህርት ቤት ሸኝታ ነው ሥራ የምትገባው። ጋዋኗ ዘይትና ሽንኩርት ይሸታል። አንድ ቀን ቀድማኝ ገብታ አታውቅም። እኔ ኪዳን አድርሼ፣ ክሊኒኩ ገና ሳይከፈት በር ላይ እገኛለሁ።

እኔ የመሪጌታ ልጅ ነኝ። ውዳሴ ማርያም በቃሌ የያዝኩት ፊደል በቅጡ ሳልለይ ነው። ጾም አልገድፍም፣ በዓል አልሽርም። አንድ ነገር ግን አጣሁ። ቅዳሴ ላይ አጠገቤ የቆመችው ሴት እንባዋ ሲወርድ እኔ የነጠላዋን ጥለት እቆጥራለሁ። አባቴ ድጓ ሲያዜሙ ፊታቸው ይለወጥ ነበር፤ ልጅ ሆኜ ምን ታያቸው እያልኩ አንጋጥጬ አያቸው ነበር። ለእኔም እንዲመጣልኝ ጠበቅሁ። አንዲት ቅጽበት ብቻ፣ እግዚአብሔር ሥራውን አሳይቶኝ ልቤ ቀጥ እንዲል። ለነፍስ አባቴ ብነግራቸው «ልጄ፣ ታገሺ፣ ይሰጥሻል» አሉኝ። ታገስኩ፣ ፀጉሬም ሸበተ።

እንግዲህ እንዲህ ስጠብቅ ነው ዘይነባ አጠገቤ ያለው ወንበር ላይ መጥታ የተቀመጠችው።

ሥራ በጀመረች በመጀመሪያው ሳምንት ነው። ስለ ልጆቿ ጫማ እያወራች፣ ስላይድ እየቀያየረች ሳለ ድንገት ዝም አለች። ዘይነባ ዝም ስትል ያስታውቃል፤ አፏ አያርፍማ። ቀና ብዬ ሳያት ሁለቱን እጆቿን ከማይክሮስኮፑ ማስተካከያ ላይ አንስታ አየር ላይ ይዛቸዋለች፣ ትኩስ ድስት እንደነካ ሰው። አንገቷን ወደ ግራ ትከሻዋ ዘንበል አድርጋለች። ከዚያ በአፍንጫዋ ሳቅ አለችና «ሱብሐነላህ» አለች፣ ለራሷ፣ በሹክሹክታ።

ክፉ በሽታ ያገኘች መስሎኝ ደነገጥኩ። ምን እንዳየች ብጠይቃት ወንበሯን ለቀቀችልኝ። አየሁ። ጃርዲያ ነው። ልጅ አዋቂ ሳይል ሆድ የሚነፋው፣ በየቀኑ የምናየው የሆድ ተባይ። ውሃው ላይ እየተገለባበጠ ይንሳፈፋል። «ጃርዲያ ነው እኮ» አልኳት።

«ጃርዲያማ ነው። አካሄዱን ግን አየሽው? ማን ያየኛል ብሎ ነው እንዲህ አምሮ የሚሄደው?»

ደግሜ አየሁ። ጃርዲያ ነው። እሷ ግን እስክሪብቶዋን አንስታ ውጤቱን ጽፋ የሚቀጥለውን ሰው ጠርታለች፣ ስለ ልጆቿ ጫማ የጀመረችውንም ወሬ ካቆመችበት ቀጥላለች። ነገሩ ሁሉ አንዲት ትንፋሽ አልፈጀም።

የእኛ ሥራ አንድ ደንብ አለው። አንዳችን ያየነውን ሌላችን ደግመን ሳናይ ውጤት አይወጣም፤ ሰው ይሳሳታል፣ ዓይን ይደክማል። ስለዚህ እሷ አይታ ስትነሳ እኔ እቀመጣለሁ። ስላይዱን ሳታንቀሳቅስ፣ ያየችውን እዚያው መሀል ላይ ትታልኝ ነው የምትነሳው። ወንበሩ ይሞቃል፣ መነጽሩ በትንፋሿ ላቦት ጭጋግ ይዞ ይቆየኛል። በዚያው ቀዳዳ፣ ያንኑ ነገር፣ ከእሷ ቀጥዬ አያለሁ። ሌላ ቦታ አይታ ቢሆን ኖሮ ባልተቃጠልኩ። ያየችው ሁሉ ፊቴ ላይ ነበር፣ እኔ ዘንድ ሲደርስ ግን ሰገራ ይሆናል።

ብትመጻደቅ ደስ ይለኝ ነበር፤ መናቂያ አገኝባት ነበርና። መመጻደቂያ ጊዜም አልነበራት። የቀን ሶላቷን እንኳ በወረፋው መካከል በሽሚያ ነው የምትሰግደው። ዕቃ ማስቀመጫው ክፍል ውስጥ ካርቶኑን ገፋ አድርጋ ምንጣፏን ታነጥፋለች፣ እኔ ሰው እንዳይገባባት በሩ ላይ እቆማለሁ። ብዙ ጊዜ ስትወጣ ፊቷ ላይ ምንም አይታይም፤ ጋዋኗን እያጠለቀች የማን ደም እንደቀረ ትጠይቀኛለች። ተቀምጣ ከጥቂት ስላይድ በኋላ ግን እጇ ይነሳል። በሽንት ውስጥ የተገኘ ክሪስታል ይሆናል፣ ነጭ የደም ሴል ይሆናል፣ አንዳንዴም የአቧራ ቅንጣት። አንዴ እንዲያውም በአቧራ ሱብሐነላህ ስትል ሰምቼ ቤቴ ገብቼ ራት ሳልበላ ተኛሁ።

ከሁሉ የባሰብኝ ግን የሽማግሌው ነገር ነው። መብራት የጠፋ ቀን ነበር። መብራት ሲጠፋ አሮጌውን ባለመስታወት ማይክሮስኮፕ ከቁም ሳጥን አውጥተን መስኮቱ ሥር እናስቀምጠዋለን፤ መስታወቱ የፀሐዩን ብርሃን ተቀብሎ ወደ ላይ ይመልሰዋል። አንድ ጋቢ የለበሱ ገበሬ ወረፋው ሰልችቷቸው መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠው ውጤታቸውን ይጠብቃሉ። ዘይነባ የእሳቸውን ስላይድ እያየች እጆቿን አነሳች።

«ምን አገኘሽብኝ፣ ልጄ?» አሏት።

ታማሚ ወደ ማይክሮስኮፕ እንደማይቀርብ ታውቃለች። ወዲያ ወዲህ አየችና «ይምጡ አባባ፣ ይዩት» አለቻቸው።

ሽማግሌው ጎንበስ ብለው፣ አንድ ዓይናቸውን በመዳፋቸው ከድነው ተመለከቱ። ቆዩ። ነፍስ አለው ወይ ብለው ጠየቋት፤ አለው አለቻቸው። በእኔ ሆድ ውስጥ ነው ይህ ሁሉ አሉ፤ በአንቱ ሆድ ውስጥ ነው አለቻቸው። ባርኔጣቸውን አውልቀው አማተቡና «አቤት የአንተ ሥራ» አሉ።

እኔ እዚያው ሆኜ የደም ብልቃጥ ይዤ ቆሜ ነበር። በዚያ ቀዳዳ ዕድሜዬን ሙሉ አጎንብሼ ስኖር፣ እኚህ ሰው ከእርሻ መጥተው፣ ሆዳቸውን እያመማቸው፣ ጎንበስ ባሉበት አገኙት። በዘይነባ መቅናቱ ያነሰኝ ይመስል በእሳቸውም ቀናሁ።

ጣጣው የመጣው መድኃኒት ሲሰጣቸው ነው። አልውጥም አሉ። እግዚአብሔር አሳምሮ ሠርቶ በሆዴ ያሳደረውን እንግዳ እኔ ማን ነኝና እገድላለሁ ብለው ድርቅ አሉ። ነርሷ ብትለምን፣ ኃላፊያችን ቢቆጣ የሚበገሩ አልሆኑም። ዘይነባ ወጥታ አግዳሚው ላይ አጠገባቸው ተቀመጠች። ስንዴያቸው አምሮ ሲቆም አይተው ያደንቁ እንደሆነ ጠየቀቻቸው። «እንዴታ» አሉ። «ከዚያስ አያጭዱትም?» አለቻቸው። ሽማግሌው ለጥቂት ጊዜ አሰቡበት፣ ክኒኑን ተቀበሉ፣ ውሃ አስመጥተው እዚያው ዋጡ።

በሚቀጥለው ገበያ ቀን ምንም ያላመማቸው ሰዎች ሆዳችን ውስጥ ያለውን አሳዩን ብለው በራችን ላይ ተሰለፉ። ሽማግሌው ለአገሩ ሁሉ አውርተው ኖሯል። ኃላፊያችን ዘይነባን ቢሮው ጠርቶ አፉ እስኪደርቅ ተቆጣት። በሐቁ፣ ሲቆጣት ደስ ብሎኝ ነበር። ከንፈሯን ነክሳ መጥታ ተቀመጠች፣ አንዱን ስላይድ አየች፣ ሌላውን አየች፤ ሦስተኛው ላይ እጇ ተነሳ።

ሁዳዴና ረመዷን የገጠሙበት ዓመት መጣ። ሁለታችንም ባዶ ሆዳችንን በሰው ሰገራ ላይ አጎንብሰን እንውላለን። እሷ ፀሐይ እስክትጠልቅ ውሃ አትቀምስም። እኔ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እህል መቅመሴ አሳፈረኝና እስከ ማታ ገፋሁት። ነቃችብኝ። ጨጓራ እንዳለብኝ ታውቃለች፤ ከማን ጋር እሽቅድድም እንደያዝኩ ጠየቀችኝ፣ እየሳቀች። ማታ በልጇ እጅ ሳምቡሳ ላከችልኝ፣ ለእኔ ብላ ለብቻው የጠበሰችውን፣ ምስር ብቻ ያለበትን። በላሁት፣ ይጣፍጣል፤ መጣፈጡም አናደደኝ።

በዓለ ሃምሳ አልፎ የዓመት ፈቃዴን ስወስድ ደብረ ወርቅ ሄጄ ሱባኤ ያዝኩ። ምን ፍለጋ እንደሄድኩ ለማንም አልተናገርኩም። ሌሊቱን በስግደት፣ ቀኑን በጸሎት አሳለፍኩ። አጠገቤ ያሉት ሴቶች ያለቅሳሉ፣ አንዷ ራእይ አየሁ አለች፣ እኔ ጉልበቴን አሞኝ ተመለስኩ። ክሊኒክ ስገባ ዘይነባ የሁለት ሰው ሥራ ብቻዋን ስትሠራ ሰንብታ ዓይኗ ጎድጉዷል። ምን አየሽ አላለችኝም። እጄን ይዛ ወደ ጠረጴዛው ጎተተችኝና አንድ ስላይድ አወጣች። ሽንት ውስጥ ያገኘችው ክሪስታል ነበር፣ እንደ ቤተ ክርስቲያን መስኮት የተሠራ አለችኝ፤ ለእኔ ልታሳየኝ አስቀምጣው ሰንብታለች። ወደ ብርሃኑ ብታነሳው ደርቆ ነጭ ዱቄት ሆኗል።

«ውይ» አለች፣ ልጅ የሰበረውን ዕቃ እንደምታይ እናት። «ላንቺ ነበር እኮ።»

ያን ጊዜ ቱግ አልኩ። ሰው እየሰማኝ መሆኑንም አላሰብኩም። ሳምንቱን ሙሉ ድንጋይ ላይ ተደፍቼ ያላገኘሁትን እሷ ሽንት ውስጥ አገኘሁ ማለቷ ግፍ እንደሆነ ነገርኳት። እንዴት ነው የምታዪው፣ ምን ታደርጊያለሽ፣ ንገሪኝ አልኳት። ዘይነባ ደነገጠች። ስላይዱን አስቀምጣ በሩን ገፋ አድርጋ ዘጋችው። ሰው ውጭ ያንኳኳል።

«የሺዬ፣ እኔ ምን አውቃለሁ? ልይ ብዬ ካየሁ አይመጣም። ቸኩዬ፣ ሰው ቆሞብኝ፣ ሐሳቤ ሌላ ቦታ ሄዶ እያለ ነው ድንገት የሚይዘኝ። ሶላት ላይ ቆሜ የማስበውን ብነግርሽ ታፍሪብኛለሽ።»

«ምን ታስቢያለሽ?»

«ሽንኩርት ነዋ። ለነገ የሚከተፈውን።»

ሳልወድ ሳቅኩ። እሷ ግን አልሳቀችም። በእኔ እንደምትቀና ነገረችኝ። እሷ የምትሰግደው እዚያው በዚያው ስለሚሰጣት ነው፤ እኔ ምንም ሳላይ በየማለዳው እነሳለሁ፣ ነገም እነሳለሁ። እሷ ብትሆን አንድ ሳምንት እንደማትዘልቅ አለች። አላመንኳትም። የጠገበ ሰው ለራበው የሚያወራው ወሬ አድርጌ ቆጠርኩት። በሩን ከፈትኩና የሚቀጥለውን ታማሚ አስገባሁ።

ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት አልተጣላንም፣ አልተነጋገርንበትምም። እሷ እጇን ታነሳለች፣ እኔ አያታለሁ፣ ከዚያ ወንበሩን ትለቅልኛለች፣ ምንም አላይም። እንደ ባልና ሚስት ኑሮ ለመድነው።

አንድ ክረምት ፊቷ ጠዋት ጠዋት ያብጥ ጀመር። እግሯም ጫማ አልገባ አላት። ሳምቡሳው ላይ መቆሙ ነው፣ ዘይቱ ነው፣ እንቅልፍ ማጣቱ ነው እያልን ተሳለቅንበት። አንድ ቀን፣ እንደገና በገበያ ቀን፣ ወረፋው እስከ ግቢው በር ደርሶ ሳለ፣ አጠገቤ ዝም አለች። ዞሬ አየኋት። እጆቿ ከማስተካከያው ላይ ተነስተዋል። አንገቷ ወደ ግራ ዘንበል ብሏል። ሳቁ ብቻ የለም። ፊቷ ላይ ያለው ግን ያው ነው፤ እንዲያውም ከወትሮው የበለጠ የበራ መሰለኝ። «ሱብሐነላህ» አለች፣ ከሌላው ጊዜ ቀስ ብላ። ከዚያ ተነሳችና «እዪልኝ» አለችኝ።

ዛሬ ደግሞ ምን አገኘች እያልኩ በዚያች በለመድኳት ንዴት ተቀመጥኩ። የሽንት ስላይድ ነው። ቀይ የደም ሴሎች የሚታየውን ሁሉ ሞልተውታል። በመካከላቸው ካስት የምንላቸው፣ ኩላሊት ሲጎዳ ከውስጥ ቱቦዎቹ ቅርጽ ይዘው የሚወጡ ረዣዥም ነገሮች ተጋድመዋል፣ በቀይ ሴል ተሞልተው። እንዲህ ያለ ከዚያ በፊት በመጽሐፍ ሥዕል ካልሆነ አላየሁም። ዓይኔን ሳላነሳ፣ እንደ ሥራችን ደንብ፣ የሰውየው ኩላሊት ክፉኛ እንደተጎዳ ነገርኳትና የማን እንደሆነ ጠየቅኋት።

«የእኔ ነው» አለች።

ቀና ስል ጋዋኗን እያስተካከለች ነበር። ምን እንዳልኩ አላስታውስም። የማስታውሰው መቆጣቴን ነው። የራስሽ መሆኑን እያወቅሽ፣ ይህን አይተሽ፣ እንዴት ሱብሐነላህ ይወጣሻል አልኳት። እኔ ያየሁት ሞቷን ነው፤ እሷ ከእኔ ቀድማ እዚያው ቦታ ምን እንዳየች ነው ማወቅ የፈለግሁት።

«የሰውን ስንት ዘመን ሳደንቅ ኖሬ፣ የእኔ ሲሆን ልተወው?» አለችኝ። ከዚያ ወደ በሩ አመለከተች። «በይ ጥሪያቸው፣ ሰው ቆሟል።»

ወደ ሞጣ እህቷ ቤት የሄደችው ከዚያ ብዙም ሳትቆይ ነው፤ ባሕር ዳር ለሕክምና ለመመላለስ ከዚያ ይቀርባል። በስልክ እናወራ ነበር። ማሽኑ ደሟን አውጥቶ አጥቦ ሲመልስ ቱቦው ውስጥ ሲያልፍ እንደምታየው ነገረችኝ፣ እንደ ድሮው እየሳቀች። ስለ ሕመሟ ስጠይቃት ስለ ወረፋው ትጠይቀኛለች። እኔ ደግሞ ስልኩን ስዘጋ ባዶውን ወንበር አያለሁ። ሁለተኛ የሚያይልኝ ሌላ ባለሙያ ከተቀጠረ በኋላም ያ ወንበር ባዶ ይመስለኝ ነበር፤ አዲሱ ሰው ጎበዝ ነው፣ እጁን ግን አያነሳም።

መሞቷን በሰማሁ ማግስት ማለዳ ተነስቼ ሞጣ ገባሁ። የእህቷ ቤት ከገበያው ኋላ ነው። ወንዶቹ ውጭ በሸራው ሥር፣ ሴቶቹ ውስጥ በፍራሽ ላይ ተቀምጠዋል። ነጠላዬን አዘቅዝቄ ለብሼ ገባሁና እህቷ አቅፋኝ አለቀሰች፣ እኔም አለቀስኩ። ጎረቤቶቹ ስለ ዘይነባ ያወራሉ። ሠራተኛ ነበረች፣ ለሰው አዛኝ ነበረች፣ ልጆቿን ብቻዋን አሳደገች ይላሉ፤ ሁሉም እውነት ነው፣ ዘይነባ ግን አልነበረችበትም።

ሒክማ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። አገጯ የእናቷን ይመስላል። «እትዬ የሺ፣ እማዬ ሥራ ቦታ ምን ትመስል ነበር?» አለችኝ።

በጣም ጎበዝ ባለሙያ ነበረች አልኳት።

«እሱን ሁሉም ይለኛል» አለች። «እኛ ቤት የምናውቀው ድካሟን ነው። ማታ ስትመጣ ሽንኩርቱን እየከተፈች ታንቀላፋ ነበር። ስለ ሥራዋ ስታወራ ግን የእርስዎን ስም ሳትጠራ አታወራም። ‹የሺ ታየኛለች› ትለን ነበር።»

ያ ነገር መቀመጫ ነሳኝ። በቃል ከመንገር ይልቅ አሳየኋት። ፍራሹ ላይ ቀጥ ብዬ ተቀመጥኩ። ፊቴ ማይክሮስኮፕ ያለ ይመስል ጎንበስ አልኩ። ቀኝ እጄ ማስተካከያውን ያዞራል፣ ግራዬ ስላይዱን ይገፋል፣ አፌ እንደ እሷ ያለማቋረጥ ይንቀሳቀሳል። ከዚያ ዝም አልኩ። ሁለቱን እጆቼን፣ ጣቶቼን ከፈት አድርጌ፣ አነሳሁ። አየር ላይ ያዝኳቸው። አንገቴን ወደ ግራ ትከሻዬ ዘንበል አደረግሁ። በአፍንጫዬ ሳቅ አልኩ። ቃሉንም በእሷ ሹክሹክታ አልኩት።

ቀና ስል ሴቶቹ ሁሉ ወሬያቸውን አቁመው ያዩኛል። እህቷ እጇን አፏ ላይ ጭናለች። «ራሷ ናት» አለች። ሒክማ እያለቀሰች ትስቃለች፣ ደግመው ያሳዩኝ እያለች ክንዴን ይዛኛለች።

ደግሜ አሳየኋት። ስደግመው እጄ ራሱ እየተነሳ፣ አንገቴ ራሱ ዘንበል እያለ፣ ይህን ሁሉ መቼ ተማርኩት ብዬ ራሴን ጠየቅሁ። የአባቴን ፊት እንኳ እንዲህ አልያዝኩትም። ያን ሁሉ ዓመት በዚያ ቀዳዳ ምንም አላየሁም እያልኩ ስብከነከን፣ ዓይኔ ለካ እሷ ላይ ነበር። ዘይነባ እጇን ባነሳች ቁጥር እኔ ሥራዬን አቆማለሁ፣ ትንፋሼን እይዛለሁ፣ ልቤ ቀጥ ይላል። ከእግዚአብሔር የለመንኩት ይህንኑ ነበር። በየቀኑ ሲሰጠኝ ቅናት ብዬ ጠራሁት።

ይህን ለሒክማ አልነገርኳትም። ሌላ ካለ ንገሩኝ ስትለኝ የጃርዲያውን ነገርኳት፣ የሽማግሌውንና የስንዴውን ነገርኳት፤ ለቀስተኛው ሁሉ ሳቀ፣ የደረቀው ክሪስታል ላይ ስደርስ ደግሞ እኔው አለቀስኩ። እናቷን የሚገባትን ያህል ሰጠኋት። የራሷን ስላይድ ባየች ዕለት የነበራትን ፊት ግን አላሳየኋትም። እሱን ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ፣ ለማንም አልሰጥም።